ኤሲው ከቡፌው በላይ፣ እናቴ ከኤሲው ፊት ለፊት

ጥያቄ፦

«ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ሠርተን የገባንበት ቤት ባለ ሁለት መኝታ ሲሆን፣ ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር ነው። የመጋቢት ሙቀት ስላስመረረን 12,000 ቢቲዩ የሚባለውን ኤሲ ገዛንና በምዕራቡ ግድግዳ ላይ፣ ከትልቁ ቡፌ በላይ ተሰቀለልን። ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋችን በሐይቁ በኩል ካለው ሰፊ መስኮት ሥር ተዘርግቷል፤ ሌላ ቦታ አይበቃውም ብለን ነው። ኤሲው ቶሎ ቶሎ ይነሣል፣ ቶሎ ቶሎ ያርፋል። ከቡፌው አጠገብ ስንቀመጥ ይሞቀናል፤ በሩ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ጥጥ ስትፈትል የምትውለው እናቴ ግን ‹ይህ ነገር አጥንቴን ዘለቀው› እያለች ጋቢ ደርባ ትቀመጣለች። በመኝታ ቤቴም ባለ ሦስት በሩ ቁምሳጥን መስኮቱን ሸፍኖታል። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ በስልክ ‹ዕቃችሁ የአየር መውጫውን ዘግቶት ይሆናል፤ ከመውጫው አርቁት› አለኝ፤ እኛ ቤት ግን እሱ የሚለው ዓይነት የወለል መውጫ የለም። ባለቤቴ ደግሞ ተለቅ ባለ ኤሲ እንቀይረው ይላል። ሌላም አሳብ አለብኝ። እናቴ በታኅሣሥና በጥር ደብረ ማርቆስ ወዳለው ቤቷ ስትመለስ፣ ሌሊት ሌሊት ከሰል ወደ መኝታ ቤት እያስገባች ትሞቃለች። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ልገዛላት አስቤአለሁ፤ የት ቢቀመጥ ይሻላል?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ጋር በእርሳስ ስለው የላኩልን የቤቱ ንድፍ ከብዙ ግምት አድኖኛል። የየክፍሉ በርና መስኮት፣ የየዕቃው ርዝመትና ቁመት ሳይቀር ስላለበት፣ መልሴን በሜትር ለመስጠት እችላለሁ። ከጥያቄዎችዎ ሁሉ የሚያሳስበኝ መጨረሻ ላይ የጻፉት የከሰሉ ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ የምመለሰው ዘግይቼ ቢሆንም፣ ስለ ሶፋው ያለውን አንብበው የቀረውን ለሌላ ቀን እንዳያቆዩት አደራ እላለሁ።

ወንድምዎ የመከሩዎት ምክር እርሳቸው ለሚኖሩበት አገር ቤት ትክክል ነው። ሚኒሶታን በመሰለው፣ ውጪው ለወራት በረዶ በሚሆንበት አገር፣ ብዙው ቤት የሚሞቀው በአንድ ትልቅ ማሞቂያ ነው፤ ከዚያ የሚነሣው ሙቅ አየር በማራገቢያ እየተገፋ፣ በግድግዳና በወለል ውስጥ በተቀበሩ የቆርቆሮ ቦዮች አልፎ፣ በየክፍሉ ባለ ፍርግርግ በኩል ይወጣል። በበጋ ጊዜም የቀዘቀዘው አየር የሚመጣው ብዙውን ጊዜ በእነዚያው ቦዮች ነው። ከመውጫዎቹ ሌላ፣ በክፍሉ ውስጥ የዋለውን አየር ወደ ማሽኑ መልሶ የሚስብ መመለሻ አለ። ሶፋ መውጫው ላይ ከተቀመጠ የሚሞቀው የሶፋው ሆድ ነው፤ ቤተሰቡ ይበርደዋል። ቁምሳጥን መመለሻው ላይ ከተገተረ ግን ጉዳቱ በአንድ ክፍል አይወሰንም፤ ማራገቢያው የሚስበው አየር ስለሚያጥረው ቤቱ በሙሉ ይደክማል።

በእርስዎ ቤት ቦይ የለም፤ መውጫና መመለሻ ግን አለ። ሁለቱም በአንድ ነጭ ሣጥን ውስጥ ተጠቃልለው ከቡፌው በላይ ተሰቅለዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ኤሲ የክፍሉን አየር የሚስበው በአናቱ በኩል ነው፤ አቀዝቅዞ የሚተፋው ደግሞ ከሥሩ ባለው አፍ ነው። በንድፍዎ መሠረት የኤሲው ሥር ከወለል 2 ሜትር ከ30 ላይ ሲሆን፣ ቡፌው ራሱ 2 ሜትር ከ10 ቁመት አለው፤ በቡፌው አናት ላይ ደግሞ የሠርግ ፎቶ፣ ሰው ሠራሽ አበባና ትልቁ የቡና ትሪ ተደርድረዋል። እንግዲህ ማሽኑ ከሚተፋው አየር ከፊሉ ከፎቶውና ከአበባው ጋር ይጋጭና ወደ ላይ ይመለሳል፤ አናቱም ያንኑ የራሱን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ይስበዋል። የክፍሉን ሙቀት የሚለካው መለኪያ የሚገኘው ከዚሁ መሳቢያ አጠገብ ስለሆነ፣ ማሽኑ ክፍሉ የቀዘቀዘ መስሎት ያርፋል፤ ጥቂት ቆይቶ እንደተታለለ ሲያውቅ ይነሣል። ቶሎ ቶሎ የመነሣቱና የማረፉ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

ከዕቃው ያመለጠው ቀሪ አየር ደግሞ በጣሪያው ሥር ተንሸራትቶ 5 ሜትሩን ያቋርጥና፣ ከምሥራቁ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ወደ ታች ይወርዳል፤ የሚወርደውም እናትዎ ጥጣቸውን ይዘው ከሚቀመጡበት ወንበር ላይ ነው። እርስዎ ከቡፌው አጠገብ የሚሞቅዎት በሌላ ምክንያት ነው። የምዕራቡ ግድግዳ የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ፊት ለፊት ስለሚቀበል፣ ብሎኬቱ እስከ ምሽት ድረስ የጠጣውን ሙቀት ወደ ውስጥ ይለቃል። ስለዚህ በአንድ ሳሎን ውስጥ እርስዎ በላብ፣ እናትዎ በብርድ መቀመጣችሁ እውነት ነው፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አላጋነናችሁም።

ይህን ለማረጋገጥ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግዎትም። ቡና ሲፈላ የሚያጤሱትን ዕጣን በማጨሻው እንዳለ በትሪ ይዘው፣ ኤሲው እየሠራ፣ መጀመሪያ ከቡፌው ጎን ቆመው ከፍ ያድርጉት፤ ጢሱ ወደ ክፍሉ መሐል በመሄድ ፈንታ ወደ ጣሪያው ተጠማዝዞ ወደ ኤሲው አናት ከገባ፣ ያልሁት ሆነ ማለት ነው። ቀጥሎ በእናትዎ ወንበር ቦታ ሆነው ይዩ፤ ጢሱ ወደ ወለሉ ከተጫነ ቀዝቃዛው አየር የሚወርደው እዚያ ነው። ኤሲውን አጥፍተው መስኮትና በር ሲከፍቱም ይህንኑ ይድገሙት። የዕጣን ጢስ ነፋስ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማሳየት ብዙ ብር ከሚጠይቁ መሣሪያዎች የማይተናነስ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የሚወስኑት ውሳኔ ሁሉ በዓይንዎ ባዩት ላይ የተመሠረተ ይሆናል።

አሁን ወደ ዕቃው ልሂድ። መጀመሪያ መነሣት ያለበት ቡፌው ነው። የሰሜኑ ግድግዳ 5 ሜትር፣ መስኮቱ ደግሞ 2 ሜትር ሆኖ መሐል ላይ ስለሆነ፣ በሁለቱም ወገን አንድ ሜትር ተኩል ባዶ ግድግዳ ይቀራል፤ 1 ሜትር ከ40 የሚረዝመው ቡፌዎ በሰሜን ምሥራቅ ጥግ በልኩ ይገባል፤ ከመስኮቱ ላይም ምንም አይነካም። ፎቶውም አበባውም አብረውት ይሂዱ፤ እዚያ ማንንም አያስቸግሩም። ሶፋው ከመስኮቱ ሥር ይነሣና 2 ሜትር ከ80 የሆነው ረጅሙ ክንዱ በደቡቡ ግድግዳ ላይ ከምዕራቡ ጥግ ይጀምር፤ 1 ሜትር ከ80 የሆነው አጭሩ ክንድ ደግሞ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ይቀመጥ። ወደ ኮሪደሩ የሚያስገባው በር በደቡቡ ግድግዳ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ስለሆነ ሁለት ሜትር የሚያህል መተላለፊያ ይተርፋል። ሶፋው «ሌላ ቦታ አይበቃውም» ያላችሁት ደቡቡን ግድግዳ ለቴሌቪዥኑ ስለሰጣችሁ ይመስለኛል። ቴሌቪዥኑ በምሥራቁ ግድግዳ፣ በመግቢያው በርና በቡፌው መካከል ባለው ቦታ ላይ ይሁን፤ የመስኮቱ ብርሃን ከጎን እንጂ ከፊት ስለማይመጣበትም አያንጸባርቅም።

አጭሩ የሶፋ ክንድ ከኤሲው ሥር ስለሚሆን ሊያሳስብዎት ይችላል። አያስቡ። የሶፋው መደገፊያ ከ90 ሳንቲ ሜትር ስለማይበልጥ የአየሩን አፍ አይነካም፤ ከሥሩ የተቀመጠ ሰውም አየሩ በላዩ ስለሚያልፍ ከሁሉ ያነሰ ነፋስ የሚያገኘው እርሱ ነው። የእናትዎ ወንበር እዚያው በምዕራቡ ግድግዳ፣ በአጭሩ ክንድና በመስኮቱ ጥግ መካከል ይሁን። ለመፍተል የሚፈልጉት ብርሃን ከመስኮቱ በጎን ይመጣላቸዋል፤ እንዝርቱንም ለማሾር በቂ ስፍራ አላቸው። የግድግዳው ሙቀት እኛን ቢያስመርረንም፣ ጋቢ ለደረቡ እናት ከቀትር በኋላ የማይጠላ ነገር ነው። መስኮቱና የኮሪደሩ በር አንድ ላይ ሲከፈቱም፣ ነፋሱ ከመስኮቱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሰያፍ ስለሚሄድ እርሳቸው ከመንገዱ ውጪ ናቸው። እናቶቻችን «በሁለት መስኮት መካከል አትቀመጡ፣ ነፋስ ይመታችኋል» ሲሉ አንዳንዶች ይስቁባቸዋል። እኔ ግን ያለማቋረጥ በአንድ ቦታ ላይ የሚወርድ ቀዝቃዛ አየር አንገትንና ትከሻን እንደሚያሳምም በራሴ ስላየሁ፣ ወንበሩን ማዛወር ከእርሳቸው ጋር ከመከራከር ይሻላል እላለሁ።

የኤሲው የአየር መምሪያ ክንፎች በማቀዝቀዝ ጊዜ ወደ ላይ ይታጠፉ፤ ቀዝቃዛ አየር ከብዶ በራሱ ይወርዳልና መግፋት አያሻውም። ልኩንም 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ ያድርጉት። 18 ላይ ማድረግ ክፍሉን ፈጥኖ አያቀዘቅዘውም፤ ሳይቆም እንዲሠራ ብቻ ያደርገዋል። አንድ ነገር ደግሞ ከእናትዎ ሙያ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልጨምር፤ ጥጥ በሚፈተልበት ቤት የጥጥ ብናኝ የኤሲውን ወንፊት ከሌላው ቤት ፈጥኖ ይደፍነዋል። የፊቱን ክዳን ከፍ ሲያደርጉ የሚያገኟቸውን ሁለት ወንፊቶች በየሁለት ሳምንቱ አውጥተው፣ በለብታ ውኃ አጥበው፣ በጥላ አድርቀው ይመልሱ። የተደፈነ ወንፊት ማለት መመለሻው ላይ የተገተረ ቁምሳጥን ማለት ነው። በጓሮ ያለውን የውጪውን ማሽንም ይመልከቱት፤ ብዙ ሰው ጀሪካንና የተረፈ ቆርቆሮ ይደገፍበታል።

ባለቤትዎ ስለ ትልቁ ኤሲ ያሉት አሳብ ለጊዜው ይቆይ። 12,000 ቢቲዩ ማለት ሦስት ተኩል ኪሎ ዋት የሚያህል ሙቀት ከክፍሉ አውጥቶ መጣል የሚችል ማለት ሲሆን፣ ለ20 ካሬ ሜትር ሳሎን በተለምዶ የሚመረጠው ልክ ይኸው ነው። እውነት ነው፣ ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከወደብ ከተሞች በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ማንኛውም ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው አየርም በዚያው መጠን ይቀላል፤ ስለዚህ ማሽኑ በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጥቂት ያንሳል። ነገር ግን የሚያንሰውን የሚበልጥ ሙቀት የሚገባው በጣሪያው ነው። በባሕር ዳር ሰማይ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ በቀትር ቀጥ ብላ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ ነሐሴን ደመናው ይሸፍነዋል፣ የሚያዝያን ግን ቆርቆሮው ብቻውን ይቀበለዋል። ከቆርቆሮው ሥር ያለው የታፈነ አየር በኮርኒሱ በኩል ሳሎኑን ያሞቃል። ለትልቁ ኤሲ የታሰበው ገንዘብ ከተገኘ፣ በጣሪያው ሁለት ጫፎች ላይ ወፍና አይጥ በማያስገባ ሽቦ የተሸፈነ የአየር መተንፈሻ ማስከፈት፣ ከኮርኒሱ በላይም ሙቀት የሚከላከል ንጣፍ ማስነጠፍ ይቅደም። ከልክ በላይ የሆነ ኤሲ ሌላም ጠንቅ አለበት፤ ክፍሉን ቶሎ አቀዝቅዞ ስለሚያርፍ እርጥበቱን አያወጣውም፤ በክረምት ሳሎኑ ቀዝቃዛና ረጣቢ ይሆናል።

ሶፋው ከመስኮቱ ሥር እንዲነሣ አጥብቄ የምለው ግን ስለ ኤሲው ብቻ አይደለም። ሶፋው መስኮቱን በቁመቱ አልሸፈነውም፤ ሆኖም ከጀርባው የተንጠለጠለው ድርብ መጋረጃና እጀታውን ለመድረስ ሶፋ ላይ መውጣት ስለሚያስፈልግ፣ መስኮቱ ከገባችሁ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ እርስዎ ያውቃሉ። ያ መስኮት ከቤትዎ ዕቃ ሁሉ የከበረ ነው። ባሕር ዳር በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ ቀን የብሱ ከውኃው ፈጥኖ ሲሞቅ ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነፍሳል፤ ሌሊት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ወደ ሰሜን የተከፈተ መስኮት የሐይቁን ነፋስ ያለ ኤሌክትሪክ የሚያስገባ በር ነው። በሚያዝያም ቢሆን ቀኑ ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ሌሊቱ ወደ 15 ዲግሪ አካባቢ ስለሚወርድ፣ ከማለዳው 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ድረስ መስኮቱን፣ የኮሪደሩን በርና በጓሮ በኩል ያለውን የማድ ቤት በር አንድ ላይ ከፍተው ቢያቆዩ ግድግዳው ራሱ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ዘግተው፣ መጋረጃውን ስበው፣ ኤሲውን ሙቀቱ ሲበረታ ከ7 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ቢያሠሩት ይበቃዋል። ማታ መልሰው ይክፈቱ፤ ወባ ባለበት ከተማ ግን ይህ የሚሆነው መስኮቱ የወባ ትንኝ መከላከያ ወንፊት ሽቦ ካለው ብቻ ነው፤ የመኝታው አጎበርም አይቀርም።

አባቶቻችን ጎጆ ሲያደራጁ የሚጀምሩት ከምድጃው ነበር፤ እሳቱ የት እንደሚሆንና ጢሱ በየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ መደብ አይሠራም፣ አልጋም አይዘረጋም። እኛ ሳሎን የምናደራጀው ከቴሌቪዥኑ ጀምረን ነው፤ ቀጥሎ ሶፋው፣ ቀጥሎ እንግዳ የሚያየው ቡፌ ይመጣል፤ አየሩ የተረፈውን ቦታ ይወስዳል።

ስለ መኝታ ቤትዎ ብዙ አልልም፤ ንድፉ ራሱ መልሱን ይዟል። ቁምሳጥኑና አልጋው ቦታ ይለዋወጡ። አሁን የአልጋዎ ራስጌ ያለበት የምዕራቡ ግድግዳ ሌሊት ሙቀት የሚለቀው እርሱ ስለሆነ፣ ልብስ የሞላበት ቁምሳጥን በእርሱ ላይ ቢቆም እንደ ጋሻ ይሆንልዎታል፤ አልጋው ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ሳይሆን ከመስኮቱ ጎን ባለው የምሥራቅ ግድግዳ በኩል ይሁን። ቁምሳጥኑ ግን ከግድግዳው ጋር አይጣበቅ፤ አሥር ሳንቲ ሜትር ይራቅ። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት ቁምሳጥን ከውጪ ግድግዳ ጋር አጣብቄ አቁሜ ክረምቱ ሲወጣ ብከፍተው፣ የጀርባው ጣውላ አረንጓዴ ሆኖ፣ ለበዓል ያስቀመጥሁት ሸማም ሻግቶ አግኝቼዋለሁ። ከዝናቡ ወራት በፊት ያልተደረገ ርቀት በመስከረም ይታያል።

እንግዲህ ወደ ደብረ ማርቆስ። ከተማዋ ከባሕር ዳር ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ እናትዎ እሳት መፈለጋቸው አያስገርምም። ከሰሉ ግን ወደ መኝታ ቤት መግባት የለበትም፤ በአንድም ምክንያት፣ ለአንድም ሌሊት። ብዙ ሰው «ጢሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ በኋላ ነው የማስገባው» ይላል። የሚገድለው ጢሱ አይደለም። ፍም ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም፣ አያስልም። ከደማችን ጋር የሚጣበቀው ኦክስጅን ከሚጣበቅበት ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሆነ፣ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ደሙ አየር አያገኝም። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይመጣል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያየው ያልፋል። በአመድ የተዳፈነ ፍምም ያው ነው፤ ዕጣን መጨመሩም፣ ውኃ በሣህን አጠገቡ ማስቀመጡም ምንም አይለውጥም። የሚያሳዝነው፣ ቤቱን ለብርድ ብለው በሚገባ የደፈኑት ሰዎች ይበልጥ ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸው ነው። ማለዳ ራሱን የሚያመው፣ ውጪ ሲወጣ የሚሻለው ሰው ካለ፣ «ብርድ መታኝ» ከማለቱ በፊት ከሰሉን ይጠርጥር፤ ከእንቅልፉ አልነቃ ያለ እንደሆነም ወዲያውኑ ወደ ውጪ አውጥቶ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

ስለዚህ ማሞቂያ ለመግዛት ማሰብዎ መልካም ነው። ከገበያው ውስጥ ለመኝታ ቤት የምመርጠው ዘይት በውስጡ ያለውን፣ በጎማ የሚገፋውን ነው፤ ፍም መስሎ የሚቀላው ዓይነት ልብስ ሲነካው በቅጽበት ያቀጣጥላል፤ በማራገቢያ የሚነፋው ደግሞ ይጮኻል፣ አቧራም ያስነሣል። የእናትዎ መኝታ ቤት 3 ሜትር በ3 ሜትር ስለሆነ፣ አልጋቸው አሁን ካለበት የውጪ ግድግዳ ተነሥቶ ከሳሎን ጋር ወደሚዋሰነው የውስጥ ግድግዳ ይዛወር፤ የብርዱ ግማሽ የሚመጣው ሌሊት ከቀዘቀዘው ግድግዳና ከመስኮቱ ከሚወርደው አየር ነውና። ማሞቂያው በአልጋውና በውጪው ግድግዳ መካከል ይሁን፤ ሆኖም ከአልጋው፣ ከመጋረጃውና ከቡሉኮው ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ቡሉኮ ከአልጋ ላይ ተንሸራትቶ እንደሚወርድ ስለሚታወቅ፣ ያን አንድ ሜትር ሲለኩ ከአልጋው እንጨት ሳይሆን ቡሉኮው ወድቆ ሊደርስበት ከሚችለው ቦታ ይለኩ። እርጥብ ልብስ አይሰጣበት፤ ፊቱ ላይም ወንበር አይቁም፣ ወንበሩ ሞቆ እርሳቸው ይበርዳቸዋልና።

የመብራቱ ነገር ከአቀማመጡ አይለይም። 2,000 ዋት የሚስብ ማሞቂያ በ220 ቮልት መስመር ላይ ከ9 አምፔር በላይ ይስባል፤ ስለዚህ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ አይሰካ፤ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ይሁን፤ ገመዱም ከምንጣፍ ሥር አይለፍ። አብዛኞቹ ማሞቂያዎች ሁለት ወይም ሦስት ደረጃ ስላላቸው፣ ከመኝታ በፊት አንድ ሰዓት በከፍተኛው አሙቀው፣ ሲተኙ ማጥፋት ወይም ወደ ዝቅተኛው መመለስ ይበቃል፤ ለአንዲት ትንሽ ክፍል ሌሊቱን ሁሉ በከፍተኛው ማንደድ በወር መጨረሻ በሒሳቡ ላይ ይታያል። የቤቱ መስመር አሮጌ ከሆነ፣ ማሞቂያው ከመግባቱ በፊት በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይታይ፤ የሚሞቅ ወይም የሚሸት ሶኬት ካለ ወዲያው ይነቀል።

መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ምን ይደረግ የሚለውን ግን አስቀድመው ከእናትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ከሰሉ የሚመለሰው ያን ሌሊት ነው። ማሞቂያው መጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቀል፤ ሌሊት በድንገት ሲመለስ ማንም ሳያየው እንዳይሠራ። ከዚያ ሙቅ ውኃ በጎማ ከረጢት ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከእግር በኩል አልጋ ውስጥ ማስገባት፣ ከፍራሹ ሥር አንድ ብርድ ልብስ ማንጠፍ፣ በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በተጠቀለለ ጨርቅ መዝጋት ይቻላል። የመጨረሻው የተፈቀደው ግን በቤቱ ውስጥ አንድም ፍም ከሌለ ብቻ ነው። እናትዎ ፍሙን ፈጽሞ አልተውም ካሉ፣ ቡናው ከሚፈላበት ሳሎን፣ በሩና አንዱ መስኮት ተከፍቶ፣ ማንም ሳይተኛ ይሙቁት፤ ሲነሡም ፍሙ ወደ ውጪ ይውጣ።

ዕቃውን ለማንሣት ሁለት ጠንካራ ሰዎች ያስፈልጉዎታል። ቡፌው ከመነሣቱ በፊት ብርጭቆውና ሣህኑ ሁሉ ይውጣ፤ ሶፋው ከመገፋቱ በፊትም የአዲሱን ቦታ ልክ በወለሉ ላይ በጋዜጣ ዘርግተው፣ የኮሪደሩ በር ሙሉ ለሙሉ መከፈቱን ይሞክሩ። የእናትዎን ወንበር ግን መጀመሪያ ያዛውሩላቸው፤ እርሱ ብቻውን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሌላው እስከ ቅዳሜ ቢቆይም ይቆያል።